ዳኛ የማያስወጣው ኩማር

በህንዷ የሳራንጋድ ግዛት ኩማር ሩድራሲንህን ከጨዋታ የሚያስወጣ ዳኛ ገና አልተወለደም ነበር። ሰውዬው የገዢው ታናሽ ወንድም ነው፤ ኩማር መባሉም ልዑል ስለሆነ ነው፤ የአውራጃው አስተዳዳሪም እሱው ነው፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ክሪኬት ይጫወታል። ኳሷ መምቻውን ጨርፋ ተጋጣሚ ቢይዛት እንኳ ዳኛው ማስተር ጂ ሂማትሲንህ «ወጥተዋል» ለማለት ጣታቸውን አያነሱም። በሥራ ቀን የመንግሥት አስተማሪ ናቸው፤ ማን በእጁ ጉሮሮውን ይዘጋል?

ልጃቸውን ሬቫን ኩማር ያወቃት የምታስተምርበትን የሴቶች ትምህርት ቤት ሊጎበኝ ሄዶ ነው። ጣሪያው ያፈስስ እንደሆነ ሲጠይቃት ቀና ብላ አየችው፤ የጠየቀው ጠፋበት። ከዚያ ወዲህ በግዛቱ እንደዚያ ጣሪያ የተጎበኘ የለም።

ሽማግሌ ላከ። አባትየው ሳይውሉ ሳያድሩ እሺ አሉ። ልጅቷ ግን ፊቷን አጠቆረች፤ ኩማር ምክንያቱን ሊጠይቅ ራሱ መጣ።

«አባቴ ለእርስዎ እምቢ ብለው አያውቁም» አለችው። «በሜዳም በቤትም። የእሳቸው እሺ ምን ዋጋ አለው?»

«ያንቺስ እሺታ?»

«እምቢ ሲባሉ ችለው የሚያልፉ ሰው መሆንዎን ሳላውቅ አልነግርዎትም።»

ነገሩ ሆዱ ገባ። በቀጣዩ እሁድ ከጎረቤት ግዛት ጋር ሲጫወቱ ኳሷ መምቻውን ጨረፈች፤ ተጋጣሚዎቹ ይዘዋት ጮኹ። ማስተር ጂ እንደ ልማዳቸው ሰማይ ሰማዩን አዩ። ኩማር ግን መምቻውን ብብቱ ሥር አድርጎ በገዛ ፈቃዱ መውጣት ጀመረ። ደግ የተጋጣሚ አለቃ ሲገኝ፣ የወጣውን ሰው ሜዳውን ሳይለቅ ተመለስ ብሎ ሊጠራው ይችላል። ያን ቀን ማንም አልጠራውም። ሳራንጋድ ተሸነፈ፤ ገዢው ወንድሙን ሳያናግረው ተነሥቶ ሄደ።

ሬቫ ሴቶቹ ጨዋታ ከሚያዩበት መጋረጃ ጀርባ ሆና አይታለች። ደስ አላት፤ ልቧ ግን አላረፈም። ጨዋታ ሌላ፣ ትዳር ሌላ።

በማግስቱ መጣ። ማስተር ጂ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል።

«አሁንስ ምን ትያለሽ?»

«እምቢ» አለችው።

እምቢ ያለችው ልትፈትነው ነበር። ወይ ይቆጣል፣ ወይ ይለምነኛል ብላ ጠበቀች። እሱ መዳፎቹን አጋጥሞ እጅ ነሣና ወደ ውጭው በር ተራመደ። ፊቱ ገርጥቶ ነበር፤ ግን አንዴም ዞር አላለም። ሬቫ እንደምትወደው ያወቀችው ጀርባውን ስታይ ነው።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ አባቷ። «የወጣ ተጫዋች በራሱ አይመለስም። የሚጠራው ያስወጣው ወገን ነው፤ ያውም ሜዳውን ሳይለቅ!»

ጫማዋን ጥላ ሮጠች።

«ሩድራ! ተመለስ! ተመለስ እንጂ አንተ!»

ከወንድሙ በቀር አንተ ብሎት የሚያውቅ አልነበረም። ቆመ። ከበሩ አልፎ መንገዱ ላይ ደርሶ ነበር።

«ማስተር ጂ» አለ ፊቱን ሳያዞር። «ሜዳውን ለቅቄያለሁ ወይስ አልለቀቅኩም?»

ማስተር ጂ መነጽራቸውን አስተካከሉ። የኩማርን እግሮች አዩ። ሬቫም አየች። ሁለቱም እግሮቹ ከበሩ ውጭ ናቸው።

«አልለቀቁም» አሉ ማስተር ጂ።

ሬቫ ዕድሜዋን ሙሉ ያፈረችበት ዓይነት ውሸት ነበር። ያን ቀን ግን አባቷን ልታርም አፏን አልከፈተችም።