የዲንሳ ጎማ ዱካ

ዓይን ሰው ይበላል፣ ዓይን ከብት ይጥላል ሲባል በሳቅ የምፈርስ ሰው ነኝ፣ ወይ ነበርኩ ልበል። እናቴ ከጎጃም ይዛው የመጣችውን የቡዳ ወሬ፣ ነቀምቴ ተወልጄ ያደግኩት እኔ አንድም ቀን ከቁም ነገር ቆጥሬው አላውቅም፣ ጎማ ከፈነዳ ሚስማር ነው፣ ሞተር ከነከሰ ዘይት ነው፣ ሰው ከታመመ ሐኪም ቤት አለ፣ አለቀ። ስለዚህ አሁን የማወራላችሁን ስትሰሙ "ሙሉጌታ ድሮም እንዲህ ነበር" እንዳትሉኝ፣ እመኑኝ፣ አልነበርኩም።

ነገሩ የጀመረው ከጎማ ነው። እኔና ዲንሳ አንድ ሰፈር ያደግን፣ መንጃ ፈቃድ አብረን ያወጣን፣ አንድ ዓይነት አሮጌ ፒክአፕ የምንነዳ ሰዎች ነን፣ ሥራችንም አንድ ነው፣ ከቢላ ወዲያ ካሉት የገጠር ገበያዎች ቅቤውንም፣ ማሩንም፣ ሰዉንም ጭኖ ነቀምቴ ማምጣት። በበጋ ሁላችንም ጎበዞች ነን፣ ያ ቀይ ጭቃ ሲመጣ ነው ጉዱ የሚለየው። ታዲያ ዘንድሮ ክረምቱ ሊገባ ሲል ዲንሳ ድምፁን አጥፍቶ አዲስ አበባ ሄደና አራት ትልልቅ ባለጥርስ የጭቃ ጎማ አምጥቶ ገጠመላችሁ። መኪናዋ ብድግ አለች። ትናንት ጎን ለጎን ቆመን ዓይን ለዓይን ስንተያይ የነበርን ሰዎች፣ ዛሬ እሱ ከላይ አንገቱን አውጥቶ "አካም ጅርታ ሙሌ!" ይለኛል፣ እኔ ከሥር ሆኜ አንጋጥጬ እመልሳለሁ። አንጀቴ ቅጥል አለ። መኪናዋ ከኋላዋ "ምቀኛ አታሳጣኝ" የሚል ጽሑፍ አለባት፣ አላጣም፣ እዚሁ አለሁለት።

እኛ ጋ ደግሞ አዲስ ነገር ዝም ብሎ አይነዳም፣ ይመረቃል። አዴ ላሊሴ የሚባሉ ቅቤ ነጋዴ አሉ፣ ለስንት ዓመት የኔ ደንበኛ የነበሩ፣ እሳቸው ቅቤያቸውን ይዘው መጡና የዲንሳን ኮፈን ቀቡለት፣ ከዚያ ለተሰበሰብነው ሁሉ እርጥብ የጮቆርሳ ሣር አደሉን። ደንቡ ሣሩን ቅቤው ላይ ለጥፎ በአፍ መመረቅ ነው። ሰዉ ሁሉ "ባጋ ጋመዴ ዲንሳ፣ እንኳን ደስ አለህ፣ በደህና ንዳት" እያለ ለጠፈ። የኔ ተራ ሲደርስ እጄ እምቢ አለኝ፣ አፌም እምቢ አለኝ። ግፊያ ስለነበር ማንም ልብ አላለኝም፣ ሣሩን ኪሴ ከትቼ ወጣሁና የራሴ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ወረወርኩት። እዚያው ደርቆ ገለባ ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ አዴ ላሊሴ ጭነታቸውን ይዘው ወደ ዲንሳ ዞሩ። "ሙሉጌታ፣ እንዳትቀየመኝ፣ ያንተዋ ጭቃ ላይ በተኛች ቁጥር ገበያው ያመልጠኛል" አሉኝ። እንዳትቀየመኝ! እሳቸውን ተከትሎ ሌላውም ሄደ፣ እኔ ባዶ ጋቢና ይዤ የዲንሳን የኋላ መከላከያ እያየሁ መንዳት ሆነ ሥራዬ።

በመጨረሻ ጎሚስታው ኦቦ ቶሌራ ዘንድ ሄድኩ፣ የዲንሳንም የገጠሙት እሳቸው ናቸው። "ልክ እንደሱ ያድርጉልኝ" አልኳቸው። መኪናዬን አንድ ጊዜ ዞሯት።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይኼ ጎማ እንዲሁ አይገባልህም፣ መሪ ስታዞር ፓራፋንጎውን ይልሰዋል፣ ባሌስትራህ ከፍ ማለት አለበት። ሞተርህ ደግሞ ደክሟል፣ ዳገት ላይ ያስለቅስሃል" አሉኝ።

"የዲንሳስ?"

"እሱ ሞተሩን አስጠግኗል።" እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና "ግን ጎማውን የምትፈልገው ለጭቃው ነው ለዲንሳ?" አሉ።

"ለጭቃው ነዋ!" አልኩ። ሳቁብኝ። ልሂድና ላስብበት ብዬ ወጣሁ፣ ምን አስባለሁ፣ ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ያው ጎማ ነው።

እንዲህ ቆርጬ ሳልቆርጥ ነው ያ ቀን የመጣው። ከቢላ ወዲያ ካለች ትንሽ ገበያ ጥቂት ማር ጭኜ ብቻዬን እየተመለስኩ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዝናቡ አባርቶ ጉም ወርዷል። በዚያ መንገድ ከመሸ ማንም ስለማይነዳ ሲሬ አስፋልቱ ላይ ቶሎ ልድረስ ብዬ እየተጣደፍኩ ሳለ ከፊቴ ዱካ አየሁ። ሰፊ፣ ባለጥርስ፣ ውሃው ገና ወደ ውስጥ እየፈሰሰበት። ዲንሳ! እዚህም ቀደመኝ ማለት ነው።

ጭቃ ላይ የኛ ሾፌሮች ሕግ አንድ ነው፣ ፊት የሄደ ዱካ ካገኘህ እሱ ውስጥ ግባ፣ የራሴን መንገድ አወጣለሁ ያለ እዚያው ያድራል። ገባሁ። ወዲያው ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ዘወትር እንደ ሰካራም የምትንገዳገደው መኪናዬ ጸጥ ብላ፣ አንድም ሳትንሸራተት መሄድ ጀመረች። ከፊቴ ጉሙ ውስጥ የዚያ ጎማ ድምፅ ይሰማኛል፣ ያ ወፍራም እምምም የሚለው፣ ጭቃው ፓራፋንጎ ሲመታ ጧ ጧ ሲል ሳይቀር ይሰማኛል። አሁን ይኼን ኩርባ ስዞር አገኘዋለሁ እላለሁ፣ እዞራለሁ፣ የለም፣ ድምፁ ከሚቀጥለው ኩርባ ወዲያ ነው። እልህ ያዘኝ፣ እደርስበታለሁ፣ ዛሬስ አልፈዋለሁ ብዬ ረገጥኩት። መስኮቱን ስከፍት ግን የናፍጣ ጭስ አይሸትም። የሚሸተው ቅቤ ነው።

ማር እንጂ ቅቤ አልጫንኩም። ይኼን ሳስብ ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ፣ ግን ቅናት ክፉ ነው፣ እግሬን ከነዳጁ ላይ አላነሳሁም።

ዱካው ከመንገዱ ወጥቶ ወደ አንድ ጨፌ ሜዳ ገባ። እኔም ተከትዬ ገባሁ። ሜዳው መሐል ላይ አበቃ። አልዞረም፣ ወደ ኋላ አልተመለሰም፣ ጭቃው ላይ ጥርሱ ደህና ተስሎ ይመጣና ቀጥሎ ያልተረገጠ ሣር ነው። ሞተሩን አጠፋሁ። ያ እምምም የሚለው ድምፅ አልጠፋም። አሁን ግን ከፊቴ አይደለም፣ ከኋላዬ ነው፣ ቅርብ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ቆመ።

ዱካው ያበቃበት ቦታ አንዲት ጮቆርሳ ሣር ቆማለች፣ ለምለም፣ ሥሯ ላይ ቅቤ አለ። ዓይኔ ሳላዘው ወደ ዳሽቦርዱ ሄደ፣ ያ የደረቀው ሣር የለም። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ነፋስ ወስዶት ይሆናል፣ አውቃለሁ፣ ለራሴም ያልኩት ይኼንኑ ነው።

እንዴት አዙሬ እንደወጣሁ አላስታውስም። መንገዱ ላይ ስደርስ በዚያ ዱካ ላለመሄድ ብዬ ባልተረገጠው ጥግ ጥጉን ነዳሁ፣ ትንሽ ሄጄ በስፖኪዮው ወደ ኋላ አየሁና ፍሬን ያዝኩ። ወርጄ አየሁ። ጎማዬን በእጄ ዳሰስኩት፣ ያው የኔው ነው፣ ቀጭን፣ ጥርሱ ያለቀ። ጭቃው ላይ ከሱ ሥር የሚወጣው ዱካ ግን ሰፊ ነው፣ ባለጥርስ ነው። ከኔ ጎማ በእጥፍ ይሰፋል። ከዚያ በኋላ ሲሬ እስክደርስ ወደ ኋላ አላየሁም።

ጉቴን አልፌ ነቀምቴ ስገባ ገና ብርሃን ነበር፣ በቀጥታ ወደ ኦቦ ቶሌራ ነዳሁ። የዲንሳ መኪና ድንጋይ ላይ ተሰቅላለች፣ ጎማ የላትም። አራቱ ጎማዎች ግድግዳ ተደግፈዋል፣ ዲንሳ ራሱ አጠገባቸው ተቀምጧል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የተፈቱት?" አልኩ።

"ከጠዋት ጀምሮ፣ አጥቤ ነው ያስቀመጥኳቸው" አሉ ኦቦ ቶሌራ። እኔ ግን ጎማዎቹን እያየሁ ነው። ጥርሶቹ መሐል ትኩስ ቀይ ጭቃ ነበር፣ ውሃው ገና ይንጠባጠባል። የማየውን እሳቸውም አዩና ወደ ውስጥ ገቡ።

"ማል ታቴ ሙሌ፣ ምን ሆንክ? ፊትህ አመድ መስሏል" አለኝ ዲንሳ።

"ለምን አስፈታሃቸው?"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አትሳቅብኝ፣ ከገጠምኳቸው ቀን ጀምሮ የኋላ ወንበር ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል። በመስታወት ሳይ የለም፣ ዓይኖቹ ግን ማጅራቴ ላይ ናቸው።"

"የማን ዓይኖች?"

ቀና ብሎ አየኝና ቶሎ ዓይኑን ሰበረ። "ተወው ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ። አንተ ትፈልጋቸው አልነበር? ውሰዳቸው፣ የምርቃት ይሁኑልህ።" ሳንቲም አልጠየቀኝም። ጭኜ ወሰድኳቸው፣ እምቢ ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም።

እስካሁን ግቢዬ ውስጥ ሸራ ለብሰው ተቀምጠዋል። ልግጠማቸው አልግጠማቸው ገና አልቆረጥኩም፣ ኦቦ ቶሌራም "ሌላ ጎሚስታ ፈልግ" ብለውኛል። ዲንሳ ወደ ድሮ ቀጭን ጎማዎቹ ተመልሶ ጭቃው ውስጥ ከኔ እኩል ይንደፋደፋል፣ አዴ ላሊሴ ግን ከሱ አልተለዩም፣ ጋቢናው ሙሉ ነው፣ ሲያልፍ ሳቃቸው እስከ ውጭ ይሰማል። እመኑኝ፣ አሁንም ያቃጥለኛል፣ አሁን ደግሞ የሚያስቀናኝ ያ ሳቅ ነው።

ባለፈው ዝናብ አድሮ ጠዋት ስነሳ ግቢው ውስጥ ሰፊ ዱካ ነበር። ከበሩ ይገባል፣ የሚወጣ ግን የለም። ሸራው ጋ አልቆመም፣ መኪናዬም ጋ አልቆመም፣ እኛ ከምንተኛበት ክፍል ደጃፍ ላይ ነው ያበቃው። ባለቤቴ አይታ "በመጨረሻ አስገጠምካቸው እንዴ?" አለችኝ።

ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ። በዚያው ቀን ጮቆርሳ ቆርጬ ወደ ዲንሳ ሄድኩ፣ ኮፈኑ ላይ ላደርግለትና በወጉ ልመርቀው። "ምነው ሙሌ?" ብሎ በመስኮት ብቅ አለ፣ አዴ ላሊሴ ከጎኑ አሉ፣ ሁለቱም እየሳቁ ነው። አፌን ከፈትኩ። ሁለት ቃል ናት፣ ባጋ ጋመዴ። አልወጣችም። "ምንም፣ ሰላም ልበልህ ብዬ ነው" ብዬ ተመለስኩ።

ሣሩ ኪሴ ውስጥ ነው። ይኼው ስንት ቀኑ፣ አልደረቀም።