እንከን ያልወጣለት ፎቶ

«እንከን የለውም» አለ አባቷ፣ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ። «አንድም!»

ክሊክ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ይህን ቅጽል ስም ትምህርት ቤት ያወጡላት ያቺን ትንሽ ካሜራዋን ከእጇ ስለማትለያት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ፎቶ እያነሳች ለአባቷ ስታሳየው፣ እሱም እንከን ሲያወጣላት ኖሯል። ጭንቅላት ተቆርጧል፤ ብርሃኑ በዝቷል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ፎከሱ ዓይን ላይ ይሁን! ዓይኑ ካልጠራ ሰውየው አልተነሳም በይው» ይላታል። የሠርግና የምርቃት ፎቶ አንሺ ስለሆነ በፎቶ ቀልድ አያውቅም። «እንከን የማላወጣለት አንድ ፎቶ አምጪና ትልቁን ካሜራ ውሰጂ» ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር።

የዛሬው የታናሽ እህቷ የሚጡ ፎቶ ነው። ፎከሱ ጆሮዋ ላይ ወድቆ ዓይኖቿ ደብዝዘዋል። ክሊክ ያመጣችው ለቁጣ ተዘጋጅታ፣ የት ላይ እንደተሳሳተች ልትጠይቀው ነበር።

«አባዬ፣ ደህና አድርገህ አይተኸዋል?»

«ምነው፣ ካሜራውን አትፈልጊውም እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «እንኪ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር ተቀበይኝ!»

ማንም እንዲነካው የማይፈቅደው ካሜራ! ደስታው ጥርጣሬዋን ዋጠው። ከቦርሳው አውጥታ ዓይኗን ማያ ቀዳዳው ላይ አደረገች። ጭጋግ ብቻ ነው። ሌንሱን ብታዞር፣ ማያውን ብትወለውል፣ ያው ጭጋግ ነው።

ከማያው አጠገብ ያለችው ትንሽ መዘውር ትዝ አለቻት። እንደ መነጽር ናት፤ ማያውን ለሚያነሳው ሰው ዓይን ታስተካክላለች። ያስተማራት ራሱ ነው። በጣቷ ስትዳስሳት እስከ መጨረሻው ተጠምዝዛለች፤ ከዚያ ወዲያ መሄጃ የላትም። ወደ መሃል ስትመልሳት ክፍሉ ጥርት ብሎ መጣላት፤ አባቷም ጭምር።

ፎቶውን አሁንም ይዞታል። አንዴ ያርቀዋል፣ አንዴ መነጽሩ ድረስ ያስጠጋዋል።

«የቅዳሜውን ምርቃት አንቺ ታነሻለሽ» አለ ወደሷ ሳይዞር። «እኔ ሰዉን አሰልፋለሁ። ድምፄ እንደሁ ገና አልደከመም።»

«መነጽር ብትቀይርስ፣ አባዬ?»

«ሐኪሙ ከእንግዲህ መነጽርም አይረዳህም ብሎኛል» አላት። «ለእናትሽ እኔው እነግራታለሁ፣ እሺ?»

«እሺ።»

ብታለቅስ እሱ ነው ሊያጽናናት የሚነሳው። እጇ ላይ ስትመኘው የኖረችው ካሜራ አለ፤ ለእሱ ግን ምንም ልታደርግለት አትችልም። ይህ አናደዳት።

አባቷ ፎቶውን ግድግዳው ላይ ለጠፈው፣ ራቅ ብሎ አደነቀው፣ ወደ ጓዳ ገባ።

«ሚጡ፣ ነይ እስቲ» ብላ ጠራቻት ክሊክ። «እንደ ትናንቱ መስኮቱ ጋ ቁሚ።»

«ኧረ በቃኝ! ትናንት አነሳሽኝ አይደል? ያኛው ምን ሆነ?»

«አትነቃነቂ።»

ክሊክ አባቷ ልዩነቱን እንደማያየው ታውቃለች። ቢሆንም ይሄኛው ሲታተም ያኛውን ከግድግዳው አውርዳ በቦታው ትለጥፈዋለች፤ ሳትነግረው። ትንፋሿን ያዘች፣ ሌንሱን ቀስ አድርጋ አዞረች፣ የእህቷ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ እስኪቆጠር ድረስ ጠበቀች። ከዚያ ቁልፉን ተጫነች።