«አጥፍተው ያብሩት»

እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ስለዚህ ይህን ስታነቡ «እሷ ምን ታውቃለች» የምትሉ አትጠፉም። በሉ፤ ግድ የለኝም። ያየሁትን ከመናገር ግን የሚያስቆመኝ የለም። አፌን በሰዓቱ ባለመክፈቴ የሆነውን አሁን ታነባላችሁ።

የምሠራው የዓይን መመርመሪያ ካሜራ በሚገጣጠምበት ድርጅት ነው። ካሜራው የዓይንን ውስጥ ያነሳል፤ ሐኪሙ ምስሉን በስክሪን ያየዋል። የእኔ ድርሻ የመጨረሻው ጠረጴዛ ነው። የተገጣጠመውን ካሜራ በአንድ የፕላስቲክ ዓይን ፊት አቆመዋለሁ፣ አነሳለሁ፣ ምስሉን አያለሁ። በምስሉ ግራ ጠርዝ ላይ ጥፍር የምታህል ጥቁር ምልክት አለች፤ ከሌንሱ ጋር አብራ የተሠራች ናት። እሷ ከታየች ምስሉ ሙሉ ነው። በወረቀቱ ላይ «ደህና» የሚለው ላይ ምልክት አደርግና አሽጋለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ነው የኖርኩት።

ወረቀቱ ላይ ሥርዓት አለ። አንድ ካሜራ በተሞከረ ቁጥር መጀመሪያ ይጠፋል፣ ይበራል፣ ከዚያ ይነሳበታል። አንድ ቀን ጉልበቴን ስላመመኝ ማጥፊያው ድረስ መጎንበሱ ታከተኝ። ሳላጠፋው ደግሜ አነሳሁ። የግራዋ ምልክት የለችም! ምስሉ ስክሪኑን ሞልቶ ቁጭ ብሏል፤ እሷ ግን የለችም።

ፕሮግራም የሚጽፍልንን ልጅ ጠራሁት። ልጅ የምለው ለእኔ ነው እንጂ ሠላሳ አልፎታል፣ ወልዷል። እኛ «ሊቁ» ነው የምንለው፤ የማያውቀው ነገር የለማ።

«ና እስቲ፣ ይሄ ካሜራህ ጠርዝ በላ» አልኩት።

ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «አጥፍተው ያብሩት፣ እናቴ» አለኝ።

አጠፋሁ፣ አበራሁ። ምልክቷ ተመለሰች።

«መጣች?»

«መጣች። ግን ለምን ሄዳ ነበር?»

«እሱ የሙከራው ክፍል ነው፤ ጊዜያዊ ነገር። ተጠቅሞ ይጥለዋል። ለሚጣል ነገር ራስዎን አያስጨንቁ።» ጓደኞቹም ሳቁ። «እናታችን ዛሬ ካሜራውን ልታስተምረው ነው» አለ አንዱ።

እኔ ደረቅ ሴት ነኝ፤ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ያን ቀን ግን ሳቃቸው አሳፈረኝ። የተማረ ሰው ካለ ይሆናል ብዬ «ደህና» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ያቺን ምልክት ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ማንም እጄን አልያዘኝም።

ካሜራዎቹ ወደየክሊኒኩ ተላኩ።

አራት ወር ያህል እንዳለፈ ታናሽ እህቴ ዓይኔን አለች። ልብስ ሰፊ ናት፣ የምንኖረውም አብረን ነው። «እትዬ፣ በቀኝ ዓይኔ በኩል ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ዝንብ የሚመስል ነገርም ይዞርብኛል» አለችኝ። ወደ ሰፈራችን ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሟ አንስታ አየቻትና ምንም የለም፣ ድካም ነው፣ እረፊ አለቻት። አረፈች። በሳምንቱ ጠዋት ግን ግድግዳ ተደግፋ አገኘኋት።

«ምን ሆንሽ?»

«መጋረጃ ወረደብኝ፣ እትዬ። በጎን በኩል ጨለመ። ድካም ነው ብላኝ የለ፣ ልተኛበት?»

«ተኝተሽ ነው የመጣብሽ! ተነሽ!»

እየጎተትኩ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሟ ጨዋ ሴት ናት፤ ሰው ሞልቶባት እንኳ አልተቆጣችም። ያለፈውን ሳምንት ምስል አውጥታ «ይኸው፣ ንጹሕ ነው» ብላ ስክሪኑን አዞረችልኝ።

አየሁት። ግራው ላይ ምልክቷ የለችም።

«ዶክተር፣ ይሄ ምስል ጎዶሎ ነው» አልኳት።

«እናት፣ ይህን ማንበብ የእኛ ሥራ ነው።»

«ማንበቡን እኔ አልችልም። ሙሉና ጎዶሎ ግን እለያለሁ፤ ይህን ካሜራ ያሸግሁት እኔ ነኝ። ከእህቴ በፊት ሳታጠፉት ሌላ ሰው አንስታችሁበት ነበር?»

«ከጠዋት እስከ ማታ አይጠፋም እኮ። በቀን ሠላሳ ሰው ይነሳበታል።»

እኛ ዘንድ በየሙከራው ይጠፋል። እዚህ ማን ያጠፋዋል? ታማሚው ተሰልፎ!

«እባክሽን አጥፍተሽ አብሪውና አንሻት» አልኳት።

ፊቷ ላይ «ይቺ ሴትዮ» የሚል ነገር አየሁ፤ ግን አደረገችው። ምስሉ መጣ። ምልክቷ በቦታዋ አለች። ከእሷ አጠገብ፣ ቀድሞ ተቆርጦ በቀረው ስፍራ፣ ሐኪሟ ጣቷን አሳረፈች። የእህቴ ዓይን ውስጠኛ ሽፋን ተቀዶ መላቀቅ ጀምሯል።

«ዛሬውኑ ሆስፒታል» አለች። «ነገ አይደለም፣ ዛሬ።»

እህቴ እጄን ጨምቃ «ልታወር ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሐኪሟን አይደለም፣ እኔን። ያቺን «ደህና» የሚለው ላይ ያደረግኋትን ምልክት እያሰብኩ ደግፌ አወጣኋት።

ሆስፒታል ቀዶ ጥገና አደረጉላት። ዓይኗ ተርፏል። ግን በጎን በኩል እንደ ጭስ ያለ ጥላ ቀርቷል፤ እሱ አይሄድም አሉን። በመጀመሪያው ቀን ቢታይ ኖሮ ሌዘር በሚሉት ብርሃን ተለብዶ፣ ያለ ቀዶ ጥገና ያልቅ ነበር።

ሥራ በገባሁ ቀን በቀጥታ ሊቁ ጠረጴዛ ሄድኩ።

«ያ ጊዜያዊ ያልከኝ ነገር ምንድን ነው? እንደ ሰው አስረዳኝ። ሳትነግረኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

«ምን ተፈጠረ፣ እናቴ?»

ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ በስድስት ዓመት የመጀመሪያው ነው።

እንዲህ ነው ነገሩ። ከርነል የሚሉት የመሣሪያው እምብርት አለ፤ በእሱ ውስጥ ካሜራውን የሚያዝ ድራይቨር የሚባል ክፍል አለ፤ እሱን የጻፈው ሊቁ ነው። ምስል የሚያነሳው ፕሮግራም ለአዲስ ታማሚ ካሜራውን በከፈተ ቁጥር፣ ድራይቨሩ ከመሣሪያው ማስታወሻ ላይ አንድ የሙከራ ገጽ ይሰጠዋል። ፕሮግራሙ «ምስሉ ከየት እስከ የት ይሁን?» ብሎ መጀመሪያ እዚያ ላይ ይሞክራል፤ ያገኘውንም ልክ ይዞ ያነሳል። ሲጨርስ ገጹ ይጣላል።

«ገጹን ስሰጠው ትክክለኛውን መነሻ ልክ ሞልቼ መስጠት ነበረብኝ» አለ። «አልሞላሁትም።»

«ታዲያ ምን ነበረበት?»

«ከእሱ በፊት በዚያ ቦታ የተጠቀመ ሌላ ሥራ ትቶት የሄደው ቁጥር። ካሜራው ገና ሲበራ ባዶ ነው፤ ባዶ ሲያገኝ ሙሉውን ያነሳል። ለዚህ ነው እኛ ዘንድ የማይታየው። ከዋለ ግን የሌላ ቁጥር ያገኝና በዚያ ይቆርጣል። ሁሌም አይደለም፤ አንዳንዴ።»

«አንተ፣ እንግዳ ቢመጣብህ፣ ለአንድ ሌሊት ነው ብለህ ያለፈው ሰው በተኛበት አንሶላ ታስተኛዋለህ?»

«ጊዜያዊ ስለሆነ ነው እንጂ...»

«እንግዳ ሁሉ ጊዜያዊ ነው! አንሶላ የሚቀየረውም ለዚያ ነው።»

የሳቀ የለም። ሊቁ አንገቱን ደፋ። «የነገሩኝ ዕለት ብነሳ ኖሮ» አለ። «አሥር መስመር እንኳ አይሞላም፤ ከምሳ በፊት ያልቅ ነበር።» ዓይኑ እንባ ሞላ። ልቆጣው የመጣሁት ሴትዮ መልሼ አባባይ ሆንኩ። «እኔም ምልክት አድርጌበታለሁ» አልኩት። «ጥፋቱን ለብቻህ አትጫነው፤ ይከብድሃል። ለሁለት እንሸከመው።»

ከምሳ በፊት አስተካከለው። ቀኑን ሙሉ ሳናጠፋ አነሳንበት፤ ምልክቷ አንዴም አልጠፋችም።

ማታ ከሥራ ስንወጣ ቤቴ ካልሄድኩ አለ። እህቴ ዓይኗ ታሽጎ ተቀምጣለች። በር ላይ ቆሞ፣ «ያ ምስል የተቆረጠው በእኔ ስንፍና ነው። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁ» አላት።

እህቴ ወደ ድምፁ ዞረች። «ስንት ካሜራ ነው የላካችሁት?»

«ሃያ ሦስት።»

«በቀን ሠላሳ ሰው ነው አለች ሐኪሟ። አንተ ልጅ፣ የእኔን ዓይን እህቴ ደርሳበታለች። የእነዚያ ሁሉ ሰዎች እህት ግን ካሜራ አታሽግም። ይቅርታህን እቀበልሃለሁ፤ እዚህ ቁጭ ብለህ አታባክነው ግን። ሂድና እነሱን ፈልግ።»

በማግስቱ ኃላፊያችን ዘንድ አብረን ገባን። «ስማችን ይጠፋል፤ ማስተካከያውን ዝም ብለን ብንልከውስ?» አለ ኃላፊው። ሊቁ፣ «ማስተካከያው ነገ የሚነሳውን ያድናል። ትናንት ደህና ነህ ተብሎ ቤቱ የተቀመጠውን አያድንም» አለው። ኃላፊው የክሊኒኮቹን ዝርዝር ከመሳቢያው አወጣና «ጻፉላቸው» አለ። ክሊኒኮቹ ሁሉ ምስላቸው ላይ ምልክቷ የሌለችባቸውን ሰዎች እንዲጠሩ ተጻፈ። ሊቁም በሰፈራችን ክሊኒክ ስልክ ይዞ ተቀመጠና ከሐኪሟ ጋር አንድ በአንድ ደወለ። ያለቀሰች አለች፤ የሰደበውም አለ፤ ተሰደበ፣ ደግሞ ደወለ። ከመጡት መካከል አንድ የአውቶቡስ ሹፌርና አንዲት አራስ የእህቴ ዓይነት ቅዳድ ተገኘባቸው። ሁለቱም በጊዜው ተለበደላቸው፤ ጥላ የሚባል አልቀረባቸውም።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ካሜራ ላትሠሩ ትችላላችሁ። ግን ለሌላ ሰው የምታስረክቡት ነገር አታጡም። ለአፍታ ነው፣ ይጣላል፣ ማን ያየዋል አትበሉ፤ መነሻውን አስተካክላችሁ ስጡ። ነገር ተበላሽቶ አጥፍታችሁ ስታበሩት ቢድንላችሁም፣ ለምን እንደታመመ ሳትጠይቁ አትለፉ። ያልተማረ ሰው «ይሄ ነገር ጎዶሎ ነው» ካላችሁ ደግሞ ከወንበራችሁ ተነሱና እዩለት። ተናግራችሁ ከሳቁባችሁም፣ እንደኔ አፍራችሁ ዝም አትበሉ፤ እስኪነሱ ድረስ ድገሙላቸው።