የረምዚያ አምስተኛ ጥይት

ዓብዱልአዚዝ በገዛ የተኩስ ክበቡ ውስጥ ሞቶ የተገኘው ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ጥይቷ በጀርባው ገብታ በደረቱ ወጥታ፣ ሲሚንቶ ላይ ተጨፍልቃለች። ከየትኛው ሽጉጥ እንደ ወጣች የሚለይ መሣሪያ የለም። ከሳዑዲዋ የደማም ከተማ የተጠራችው የአስከሬን መርማሪ ዶክተር ሐሴት ኮበር ስትደርስ፣ የፖሊስ መኮንኑ ጥፋተኛዋን አግኝቶ ጨርሶ ነበር። የሰው አገር ሰው ከተገኘ ምርመራው ያጥራል።

በግቢው የነበሩት ሦስት ናቸው፦ የሟቹ የወንድም ልጅ ዑበይዳ፣ የበሩ ጠባቂ ሙዐዝና ሽጉጦቹን የምትወለውለው ረምዚያ። ሙዐዝም ረምዚያም የወሎ ልጆች ናቸው። ሟቹ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ረምዚያን ዒላማ ያስተምራት ነበር።

«አጎቴ ለአንድ ወረቀት አምስት ጥይት ነው የሚሰጠው» አለ ዑበይዳ። «ወረቀቷ ላይ ያለው ቀዳዳ ግን አራት ነው። አምስተኛዋ አጎቴ ላይ ናት።»

ሙዐዝ የአገሩን ልጅ ወደ ጥግ ሳብ አደረጋት።

«በአላህ ይዤሻለሁ፣ አምልጦኝ ነው በይና ፈርሚ። ምናልባት ይቅር ብለው የመውጫ ቪዛሽን፣ ኹሩጁን፣ መትተው አገርሽ ይልኩሻል።»

«ወላሂ አልፈርምም! አንገቴን ይውሰዱት እንጂ ጣቴን አያገኙም። አምስቱንም ዒላማው ላይ ነው የተኮስኩት!»

ሐሴት ይህን ሰማች። እሷም አዲስ አበባ ሳለች ለክለብ ትተኩስ ነበርና የሽጉጥን ነገር ታውቃለች።

«እንዴት ነበር የሚያስተምርሽ፣ እህቴ?»

«መጀመሪያ ድምፁን ስፈራ ጥይቴ ታች ይወድቅ ነበር፣ ዶክተር። ‹ምላጩን አትንጠቂው፣ ቀስ ብለሽ ጭመቂው፤ ዓይንሽም ከአፈሙዙ ጫፍ አይነቀል› ይለኛል። ዛሬ ተኩሼ ለውዱእ ስወጣ፣ ወረቀቴን ሊያይ እየሄደ ነበር። ተኩስ ሰማሁ፤ እዚህ ተኩስ ብርቅ አይደለም። ስመለስ ግን…»

እንባዋ መጣ። በመዳፏ ጠርጋ ቀና አለች።

ሐሴት ወረቀቱን አየችው። አራቱ ቀዳዳዎች መሐል ላይ ተጠጋግተዋል፤ አንደኛው ሞላላ ነው። ከዚያ የሽጉጦቹን ሳጥን፣ ከሟቹ ሌላ ብቸኛው ባለ ቁልፍ በሆነው በዑበይዳ አስከፍታ አንዱን አነሳች። ጣቷ በዘይት ራሰ።

«ይህን አንቺ ነሽ የወለወልሽው?»

«የዑበይዳን? ትናንት ተኩሶ ወረወረልኝ፤ ለነገ ብዬ እንዳደፈ ተውኩት። ደግሞ እኔ ጠብታ ነው የማደርገው፤ ይሄማ እንደ ሳምቡሳ ተጠብሷል!»

ሐሴት ሁሉንም ዒላማው ዘንድ ሰበሰበች።

«ሙዐዝ፣ ከወረቀቱ ኋላ ያለው ጣውላ መቼ ተቀየረ?»

«ዛሬ ጠዋት፣ እኔው ነኝ የቀየርኩት። ከእሷ በቀር የተኮሰበት የለም።»

መኮንኑ ጣውላውን አስፈለጠ። አምስት ጥይት ወጣ፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል።

ዑበይዳ ሳቀ። «ኻዳማ ሁለት ጥይት በአንድ ቀዳዳ ታስገባለች? እኔ እንኳ…»

«አዎ፣ አንተ እንኳ» አለች ሐሴት። «አራት ቀዳዳ አየህና አንዷን ሳተች አልክ። የቤት ሠራተኛ እንዲህ ትተኩሳለች ብለህ አላሰብክም። እነሆ፣ አምስቱም የእሷ ጥይቶች እዚህ ናቸው። ስለዚህ የገደለው ሌላ ሽጉጥ ነው። የሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ ያለው በሟቹና በአንተ እጅ ብቻ ነው። ትናንት አድፎ ያደረው ሽጉጥህ ዛሬ በዘይት ይንጠባጠባል። በሕይወትህ ሽጉጥ ወልውለህ ስለማታውቅ ዘይቱን አበዛኸው። እጅጌህንም ተመልከት።»

በነጩ ረጅም ቀሚሱ፣ በቶቡ እጅጌ ላይ ቢጫ የዘይት ነጠብጣብ ነበር። ዑበይዳ ክንዱን ወደ ኋላው ሸሸገ። ግን ዘግይቶ ነበር፤ ሁሉም አይተውታል።

«‹ከእሷ ተማር› አለኝ!» ብሎ ጮኸ። «ከኻዳማ! ለተኩስ ውድድሩም በእኔ ቦታ ሊያስመዘግባት ነበር!»

ሲወስዱት ሙዐዝ አንገቱን ደፋ። መኮንኑ ወደ ረምዚያ ዞሮ በእጁ የበሩን አቅጣጫ አሳያት።

«ኸላስ፣ በቃ፤ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም። ሂጂ።»

ረምዚያ አልተነቃነቀችም።

«ለእኔ ሙሽኪላ አለ። ወረቀቴን ስጡኝ።»

«ማስረጃ ነው፣ አይሰጥም።»

«እንግዲያው ስንት እንደመታሁ ጻፍበት።»

መኮንኑ ሐሴትን አየ። ሐሴት ዓይኗን አልሰበረችለትም። እስክሪብቶውን አውጥቶ ከዒላማው ግርጌ «አምስት» ብሎ ጻፈ።

ረምዚያ እጇን ዘረጋች።

«አምጣው» አለችው። «አሁን እፈርማለሁ።»