አልረጋ ያለው ሰርግ

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም፣ ዛሬም አላምንም፣ የምነግራችሁም ፈርቼ ሳይሆን የሚያስረዳኝ ሰው ካለ ይምጣ ብዬ ነው። ደብረ ብርሃን ሰርግ እየቀረጽኩ የምኖር ሴት ነኝ፣ ስንት ቤት ገብቼ ስንት ጉድ ሰምቻለሁ፣ ካሜራዬ ውስጥ ግን ያልነበረ ነገር ገብቶ አያውቅም።

ፍሬሕይወት የምትባል ሙሽራን ሰርግ የቀረጽኩት አንኮበር፣ ጎረቤላ ነው። ከእናቷ ቤት ወጥታ መኪናው እስከቆመበት ቁልቁለቱን ስትወርድ፣ ካሜራውን ከመንቀጥቀጥ የሚይዝልኝ ዘንግ ባትሪው አለቀብኝና በእጄ ይዤ፣ ፊት ፊቷን ወደ ኋላ እየተራመድኩ ቀረጽኳት፣ መንገዱ ድንጋይ፣ ንፋሱ የአንኮበር ንፋስ፣ እመኑኝ ምስሉ እንደ ወንፊት ነበር የሚንቀጠቀጠው። ግድ የለም አልኩ፣ ቪዲዮውን ቆርጬ ከማቀናበሬ በፊት ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ሶፍትዌር ያረጋልኛል፣ ምስሉ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ግድግዳም ይሁን ዛፍ፣ ይመርጥና እሱን አጥብቆ ይዞ ሌላውን በእሱ ልክ ያስተካክላል።

በማግስቱ ጠዋት ስቱዲዮዬ ቁጭ ብዬ የቁልቁለቱን ምስል ለሶፍትዌሩ ሰጠሁት። ጨርሶ ሲከፍትልኝ ቤቱም ዛፉም አጃቢውም እንደ ጀልባ ይወዛወዛል፣ የረጋው ከሙሽራዋ በስተቀኝ ያለ፣ ሰው የሚያህል ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ባዶ ስል ባዶ! ሰርገኛው ግን ዞሮት ያልፋል እንጂ ማንም አይረግጠውም። ደገምኩት፣ ያው ነው። የቀረውን የሰርጉን ቪዲዮ በሙሉ ግን ቀጥ አድርጎ አረጋልኝ። የቁልቁለቱን ምስል ድምፅ ከፍ ሳደርግ ከእልልታው ሥር ከማንም እርምጃ ጋር የማይገጥም፣ ዝግ ያለ ኮቴ ይሰማል።

እናቷ እትዬ አስካለ ፎቶ ሊመርጡ ሲመጡ አሳየኋቸው። አዩትና ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

«ይሄን ቁረጭው ልጄ። እሷ እንዳታየው።»

«ምንድን ነው እትዬ?»

«አንቺ ምን ይታይሻል?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ምንም ነው።»

«እኔ ደግሞ ሙሽራ ከቤቷ ስትወጣ የማያሳይ የሰርግ ቪዲዮ አልሠራም» አልኳቸው። ፎቶውንም ሳይመርጡ ወጡ።

ሰንበት ብላ ፍሬሕይወት ብቻዋን መጣች። «እማዬ እንዳላይ ብላኛለች። አሳዪኝ» አለች፣ አሳየኋት፣ ምን ይመጣል ብዬ!

«ቁልቁለቱ ላይ አዳልጦኝ ልወድቅ ስል ቀኝ ክንዴን የያዘኝ ሰው ነበር» አለች፣ ዓይኗን ከምስሉ ሳትነቅል። «እስከ መኪናው አልለቀቀኝም። ቬሉ ጋርዶኝ አላየሁትም፣ ሚዜ መስሎኝ ነበር። ላመሰግን ብዬ ሁሉንም ጠየቅኩ፣ እኔ ነኝ ያለ የለም።»

«እናትሽንስ ጠየቅሻቸው?»

«እማዬ ከዚያን ቀን ወዲህ በቀኜ በኩል አትቀመጥም።»

እኔ ግን እጅ አልሰጠሁም፣ «ሶፍትዌሩ ነው የተሳሳተው» አልኳት።

«ክንዴም ተሳሳተ?»

ቪዲዮውን በፍላሽ ገልብጬ ሰጠኋት፣ የራሴንም አላጠፋሁትም፣ አላጠፋውምም። አመስግናኝ ተነሳች፣ በሩን ከፈተች፣ ሰው እንደሚያሳልፍ ዳር ይዛ ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ ወጥታ ዘጋችው።

የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ እኔ ግን ተነስቼ በሩን መልሼ በረገድኩትና እስኪመሽ እንደተከፈተ ሠራሁ፣ የቀረ ካለ ይውጣ ብዬ።