የጠመኔው መስመር

«አሁንም ደብዛዛ ነው» አለ አባቷ ከመሪው ኋላ ተቀምጦ።

ንስር ሳቋ አመለጣት። የጋራዡ በር ተዘግቷል፤ ከመኪናዋ ፊት የሚወጣው ብርሃን ግን ውስጡን ቀን አስመስሎታል። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ካቻቢቴዎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ጥግ ላይ ያለው የሸረሪት ድር እንኳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይህን ደብዛዛ የሚል ሰው ሙድ እየያዘ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? አባቷ ደግሞ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ሰው መሸወድ ያውቅበታል።

እትዬ ሽቦ ግን አልሳቁም።

እትዬ ሽቦ የሰፈሩ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። ኪሳቸው ቁርጥራጭ ሽቦ አጥቶ ስለማያውቅ ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ገና በወጣትነታቸው ነው፤ አሁን እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስም ያለ አይመስልም። ቅዳሜን ሙሉ የዋሉት በዚህች መኪና ላይ ነው። መኪናዋ በዕድሜ ንስርን ቢያንስ በአሥር ዓመት ትበልጣታለች። የመብራቷ ፕላስቲክ ሽፋን ቢጫ ሆኖ ስለነበር ንስር ክንዷ እስኪዝል በብርጭቆ ወረቀት ፈትጋ አጠራችው። እትዬ ሽቦ ደግሞ ያረጀውን ቀጭን ሽቦ አውጥተው ከባትሪው ወፍራም ሽቦ ሳቡላት፤ በመጨረሻም አዳዲስ አምፖሎች ገጠሙላት። ይህ ሁሉ ልፋት አባቷ ስንት ወር ሙሉ «የዚህች መኪና መብራት ሞቷል» እያለ ስለነዘነዘ ነው። ቢነዘንዝም አይፈረድበትም። ጠዋት ጠዋት ገና ሳይነጋ ከራሱ ሁለት ልጆች ጋር አምስት የጎረቤት ልጆች ሰብስቦ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሾፌር ነው።

አሁን የቀረው ማስተካከሉ ብቻ ነበር። አምፖል ሲቀየር የብርሃኑ አቅጣጫ ይዛባል፤ ካልተስተካከለ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። ለዚህ ሥራ የእትዬ ሽቦ መሣሪያ አንዲት ጠመኔ ናት። መኪናዋ ከግድግዳው አሥር እርምጃ ርቃ ትቆማለች፤ በመብራቱ ቁመት ልክ ግድግዳው ላይ መስመር ይሰመራል፤ የብርሃኑ አናት ከዚያ መስመር በታች መዋል አለበት። መስመሩን ያሰመረችው ንስር ራሷ ናት። ጭስ ባጠቆረው ግድግዳ ላይ ውፍረቱ አውራ ጣት የሚያህል ነጭ መስመር።

እትዬ ሽቦ ኮፈኑ ሥር አጎንብሰው የመብራቱን ብሎን ማዞር ጀመሩ። ብርሃኑ ከመስመሩ በታች ሲወርድ እንዲነግራቸው አባቷን አዘዙት።

«የቱ መስመር?» አለ።

«ፊት ለፊትህ ያለው ነዋ።»

አባቷ ወደ መሪው ተጠጋ። ዓይኑን አጠበበ። ፓራብሬዛውን በእጅጌው ጠረገና እንደገና አየ። ንስር ቀልዱ እስኪያልቅ ጠበቀች። አላለቀም።

«በጠመኔ ነው ያሰመርሽው?» አለ ወደ ንስር ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ንስር ክው አለች። የያዘችው ካቻቢቴ ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ። ጆሮዋ ውስጥ የሚጮኸው ሌላ ነገር ነበር።

ንስሬ፣ ምን አየሽ?

ይህ የእሷና የአባቷ የጠዋት ጨዋታ ነው። የጀመሩት አምና ነው፤ አባቷ «ትልቅ ሴት ሆነሻል፣ ከኋላ መቀመጥ ይብቃሽ» ብሎ ጋቢና ያስቀመጣት ጊዜ። መንገድ ላይ ያለውን ነገር ቀድሞ ያየ ነጥብ ያገኛል። ጉብታ! ብስክሌት! በቀኝ በኩል ሰውዬ! እስከ ትናንት ድረስ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ለአራት እየመራች ነበር። ንስር የሚለው ቅጽል ስም የወጣላትም ከዚሁ ነው። ክፍል ውስጥ ሳይቀር ጉራዋን ነዝታበታለች።

ለካ ጨዋታ አልነበረም። ለካ ዓመቱን ሙሉ ያንን ሁሉ ልጅ ትምህርት ቤት ስታደርስ የከረመችው እሷ ናት። ወላጆቹ አባቷ ቀስ ብሎ ስለሚነዳ «እንደሱ ያለ ጠንቃቃ ሾፌር ከየት ይገኛል» ይላሉ። አንድ ቀን ብቻ አኩርፋው ከኋላ ተቀምጣ ነበር። የመኪናዋ ጎን የተላጠው ያን ቀን ነው። አባቷም «ግንቡ መጥቶ ገጨኝ» ብሎ ሁሉንም አስቋቸው ነበር፤ እሷም ኩርፊያዋን ረስታ አብራ ስቃለች። አሁን ያ ሳቅ አሳፈራት።

እትዬ ሽቦ መስመሩን ራሳቸው እያዩ ብሎኑን አስተካክለው ጨረሱ፤ ኮፈኑን ዘግተውም አባቷን ከሾፌሩ ወንበር አስወረዱት። የመኪናዋ መብራት ከእንግዲህ ምንም እንደማይጎድለው፣ የተጋረደው የእሱ ዓይን እንደሆነ፣ የዓይን ሞራ ከሆነም በሐኪም እጅ የሚድን ነገር እንደሆነ ነገሩት። ቤት ድረስም ራሳቸው ነድተው አደረሷቸው። አባቷ ሰኞ ሐኪም ዘንድ እንደሚሄድ፣ ልጆቹንም ሌላ ሾፌር እንደሚያደርስለት ቃል ገባና ቁልፉን ተቀበለ። እትዬ ሽቦ ሲሰናበቱ ባዶውን የአምፖል ካርቶን ንስር እጅ ውስጥ ሸጎጡት። ስልክ ቁጥራቸው ተጽፎበታል።

«ሰኞ መሪውን ከያዘ ደውይልኝ» አሏት። «መንጃ ፈቃድ አለኝ። እስኪሻለው ልጆቹን እኔ አመላልሳለሁ።»

እሑድ ከሰዓት አባቷ በረንዳ ላይ አጠገቡ አስቀመጣትና ትከሻዋን አቀፈ።

«ወላጆቹ ከሰሙ በማግስቱ ልጆቻቸውን ያስወጣሉ» አለ። «ያኔ ጉሮሯችን ተዘጋ ማለት ነው። ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ወር ቀረው፤ ሐኪሙ የትም አይሸሽም። እስከዚያ አንቺ አለሽልኝ አይደል? እንደ ሁልጊዜው።»

ትናንት ጋራዡ ውስጥ ድምፁ ዝቅ ሲል ሰምታ ስለነበር፣ አባቷም እንደ እሷ ነገሩን ገና ማወቁ መስሏት ነበር። «እንደ ሁልጊዜው» ሲል ግን ገባት። ያውቅ ነበር። ከመጀመሪያዋ ነጥብ ጀምሮ ያውቅ ነበር። ንስር አባቷን ስትወደው ለጉድ ነው፤ ትከሻዋ ላይ ያረፈው እጅም ያው የምትወደው እጅ ነው። ምን ብላ ታሳጣዋለች? እሺም እምቢም ሳትል ተነሥታ ገባች።

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ሞተሩ ተነሣ። አዲሱ መብራት ግቢውን ከዳር እስከ ዳር አጥለቀለቀው። ንስር እንደ ወትሮው የግቢውን በር ልትከፍት ሄደች፤ አልከፈተችውም። እሑድ ማታ፣ ከጋራዡ በኪሷ የመጣችውን ጠመኔ ይዛ ወጥታ በጥቁሩ ብረት በር ላይ፣ ልክ እንደ ጋራዡ፣ ወፍራም መስመር አስምራ ነበር። ከመስመሩ አጠገብ ቆመችና ወደ መኪናዋ ዞረች።

«አባዬ፣ ዛሬ እኔ ልጠይቅህ። ምን አየህ?»

በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ሳቀ። «አንቺን ነዋ፣ የኔ ንስር።»

«ሌላስ?»

«በሩን።»

«ሌላስ፣ አባዬ?»

«ሌላማ ምን አለ? ባዶ ግቢ ነው። በይ ክፈቺው፣ ረፈደብን» አለና ፍሬኑን ለቀቀ። መኪናዋ አንድ ስንዝር ያህል ወደፊት ተንቀሳቀሰች።

«እኔስ፣ አባዬ?»

ትንሹ ወንድሟ ነበር። የሰባት ዓመቱ ልጅ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሹራቡን እንደለበሰ፣ ከግራው መብራት ፊት ሦስት እርምጃ ላይ ቁጢጥ ብሎ የጫማውን ክር ያስር ነበር። አሁን ብድግ ብሎ በብርሃኑ ዓይኑ ተጨናብሶ አባቱን ያያል። አንድ ክር ብቻ ታስሯል።

መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ሞተሩ ጠፋ። አባቷ ሁለት እጁ መሪው ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። እሷ የጠየቀችው ስለ መስመሩ ነበር። ወንድሟን እሷም አላየችውም። ነጥብ መሰብሰብ የለመደችው ንስር፣ ዓይኗን አባቷ ላይ ተክላ ሳለች፣ አፍንጫዋ ሥር ያለውን ወንድሟን አላየችውም።

ሄዳ የልጁን እጅ ያዘች፤ እጁ ሞቅ ያለ ነው። ከዚያ የአምፖሉን ካርቶንና ስልኳን ከኪሷ አወጣች። መብራቱ ገና በርቶ ስለነበር ቁጥሩ ጥርት ብሎ ይነበባል። አንድ ጊዜ ተሳሳተች፤ አጥፍታ እንደገና መታች።

ስልኩ መጥራት ጀመረ። አባቷ በመስኮቱ በኩል ወደ እሷ እጁን ሲዘረጋ ስልኩን ሊቀማት መስሏት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። እጁ ግን እንደተዘረጋ ቆየ። መዳፉ ላይ ቁልፉ ነበር።