ወደ ግራ የተገፋው ርዕስ

የተሰረቀው አንድ ስም ነበር።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የነርሶች ማሠልጠኛው ማስታወቂያ ሰሌዳ በሰው ተከቧል። ከመስታወቱ ጀርባ አንድ ገጽ ተለጥፏል፤ ማሠልጠኛው የተቀበላቸው አርባ ተማሪዎች ስም፣ ሃያው በግራ፣ ሃያው በቀኝ። አንድ መካኒክ ዘይት የነካካውን ቱታ እንደለበሰ ሰው ገፋ አድርጎ ገባና በጣቱ ከላይ እስከ ታች ወረደ። ደግሞ ከታች ወደ ላይ ወጣ። የልጁ ስም የለም።

«ከፈተና ኮሚቴው አንዱ አልፋለች ብሎኛል እኮ!» አለ።

መካኒኩ እንዲህ በዋዛ የሚመለስ ሰው አልነበረም። አቤት አለ። የፈተና ኮሚቴው በእጅ የተጻፈውን፣ ሰባቱም አባላት የፈረሙበትን ዋናውን ዝርዝር ከካዝና አወጣ። አሥራ ስምንተኛዋ የመካኒኩ ልጅ ናት። በተለጠፈው ወረቀት ላይ ግን በእሷ ቦታ ሌላ ልጅ ገብታለች። በሁለቱ ወረቀቶች መሃል ያለችው ደግሞ ዝርዝሩን የተየበችው ጸሐፊ ብቻ ናት። ኮምፒውተሯ ተከፈተ። የተለወጠው ዝርዝር እዚያው ተቀምጧል።

መካኒኩ ኮሪደሩ መሃል ቆመ። ሠራተኛው ሁሉ በየበሩ ብቅ ብሏል።

«አንቺ ሌባ! የልጄን ዕድል ለማን ሰጠሽው?»

ጸሐፊዋ በዚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ ሌባ ብሎ የጠራት አልነበረም። የወጣላት ስም «እትዬ ስፔስ» የሚል ብቻ ነው። ሥራ የጀመረችው በጽሕፈት መኪና ነበርና ኮምፒውተር ከመጣም በኋላ ልማዷን አልተወችም። ስሞችን በሁለት ዓምድ መደርደር ሲኖርባት የግራውን ትጽፍና ባዶ ቦታ የሚተወውን ቁልፍ፣ ስፔሱን፣ ቋ ቋ ቋ እያደረገች እስከ ቀኙ ትሄዳለች። ወጣቶቹ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቅ ነበር።

ያን ቀን ከሥራ ታገደች፤ ጉዳዩም ወደ ፖሊስ ሄደ። ከተፈረደባት እስር ይጠብቃታል። እንቅልፍ የነሳት ግን እስሩ አልነበረም። ያ ቃል ነው። ከእንግዲህ በዚያ ኮሪደር ቀና ብላ እንዴት ትሄዳለች?

የተመደበው መርማሪ አጭር፣ ዝምተኛ፣ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ የሚሰካ ሰው ነበር። መጀመሪያ ወደ ተማሪዎች ምዝገባ ኃላፊው፣ ወደ ሬጅስትራሩ፣ ገባ።

«ዝርዝሩን ማን አስተየበ?»

«እኔ።»

«ማን ለጠፈው?»

«ዘበኛው። ማኅተም መትቼ ሰጠሁት።»

«ሲያትሙ አላነበቡትም?»

«አርባ ስም እኮ ነው! እሷን አምኜ ነዋ። የሰው ልብ እንዲህ ይከፋል ብዬ መቼ አሰብኩ?»

ቀጥሎ ዘበኛው ተጠየቀ። የሰሌዳው ቁልፍ እሱ ዘንድ ነው። «ኮምፒውተር የማውቀው አቧራውን ስጠርግ ነው ጌታዬ» አለ፤ እውነቱን ነበር።

ከዚያ የኮምፒውተር ባለሙያው። ወጣት ነው።

«የይለፍ ቃሏን ታውቃለህ?»

«የማያውቅ ማን አለ? በወረቀት ጽፋ ኪቦርዱ ሥር ለጥፋዋለች።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነበት። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና መርማሪው የተለጠፈውን ወረቀት ይዞ ወደ ጸሐፊዋ ቤት ሄደ።

«እትዬ፣ ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

ጸሐፊዋ መነጽሯን አደረገች። ገጹን በእጇ ስትይዝ ገና የመጀመሪያዋ ነበር። ሁሉም ሲከሷት ሰንብተዋል፤ የተከሰሰችበትን ግን ያሳያት የለም። ብዙ ሳትቆይ ቀና አለች።

«የኔ አይደለም።»

«ስሙ ስለተለወጠ ነው?»

«አይ ልጄ። ቀጥ ብሏል።»

«ምኑ?»

«የቀኙ ዓምድ። የኔ አንድም ቀን ቀጥ ብሎ አያውቅም። በስፔስ ነው የምሄደው፤ አንዱ ስም ይገባል፣ አንዱ ይወጣል። አንዱን ብትነካው ደግሞ ጎኑ ያለው ይሸሻል። ይኸው ርዕሱንም እየው። እኔ ርዕስ የማስቀምጠው ከሁለቱ በላይ፣ መሃል ላይ ነው። ይሄ ግራው ዓምድ ውስጥ ተጠቅጥቆ ሦስት መስመር ሆኗል።»

መርማሪው እስክሪብቶውን ከጆሮው አወረደ። ሲወጣ በሩ ላይ እጁን ያዘችው።

«ምንም ባይገኝ እንኳ ተባረክ። ወረቀቱን ያሳየኸኝ አንተ ብቻ ነህ።»

መርማሪው በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ባለሙያው ተመለሰ።

«ርዕሱ ለምን ወደ ግራ ሄደ?»

ወጣቱ አይቶ ሳቅ አለ። «ይህን የሠራው ሰው ገጹን ሙሉ በሙሉ መርጦ ኮምፒውተሩን ሁለት ዓምድ አድርግልኝ ብሎታል። መምረጥ የነበረበት ስሞቹን ብቻ ነው። ርዕሱም አብሮ ገባለት።»

«አንተ እንዲህ ትሳሳታለህ?»

«ኧረ በጭራሽ! እትዬም አይሳሳቱም፤ ዓምድ የሚባለውን ትእዛዝ ከነመኖሩም አያውቁትም። ይሄ ግማሽ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።»

ግማሽ የሚያውቀው ማን ነው? መርማሪው የቆዩ ማስታወቂያዎች የታሰሩበትን ፋይል አስወጥቶ ግማሽ ቀን አገላበጠ። የእትዬ ስፔስ ገጾች ብዙ ናቸው፤ የቀኙ ዓምድ በሁሉም ላይ እንደ አጥር እንጨት ወዲህና ወዲያ ይላል። ሦስት ገጾች ግን ለብቻቸው ነበሩ። ዓምዱ ቀጥ ያለ፣ ርዕሱ ወደ ግራ የተጠቀጠቀ። ሦስቱም የወጡት እሷ የዓመት ፈቃድ ላይ በነበረችበት ጊዜ ነው።

መርማሪው ከሦስቱ ገጾች የመጀመሪያውን በሬጅስትራሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ። ምነው?»

«ይህንንስ?»

«እኔ።»

«ይህንንስ?»

«እኔ ነኝ አልኩ እኮ!»

አራተኛውን፣ የአርባዎቹን ዝርዝር አስቀመጠ። «ይህንንስ?»

«እኔ…» አለ ሬጅስትራሩ። ከዚያ የትኛው ገጽ እንደሆነ አየ።

መርማሪው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «በአሥራ ስምንተኛ ቦታ የገባችውን ልጅ ዛሬ አነጋገርኳት። ምንም የምታውቀው የለም። እናትሽ ወንድም አላት ወይ ብዬ ጠየቅኳት። እርስዎን ጠራችልኝ።»

ልጅቷ የምትጠራው በአባቷ ስም ስለሆነ ማንም ከሬጅስትራሩ ጋር አላዛመዳትም ነበር።

ሬጅስትራሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እህቴ ናት ያሳደገችኝ። እናትና አባታችን ሲሞቱ የሰው ልብስ እያጠበች አስተማረችኝ። በዕድሜዋ አንድ ነገር ለምናኝ አታውቅም። ዘንድሮ ልጄን ነርስ አድርግልኝ አለችኝ። ልጅቷ አርባ አንደኛ ወጣች። በአንድ ሰው!»

«ከዚያስ?»

«ጸሐፊዋ ለምሳ ስትወጣ ገባሁ። እንዳይታወቅ ከመሃል አንዱን ስም ስለውጥ ጎኑ ያለው ተንሸራተተ። እሱን ሳስተካክል የታችኛው ሄደ። ስፔሱን ሁሉ አጥፍቼ ስሞቹን ወደ ታች ደረደርኩና በዓምድ አደረግሁት። ጣጣው ጸሐፊዋ ላይ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።»

«ሲመጣስ ለምን ዝም አሉ?»

ሬጅስትራሩ ማኅተሙን ከመሳቢያ አውጥቶ ወደ መርማሪው ገፋው።

«የእህትዎ ውለታ ትልቅ ነው» አለ መርማሪው። «ግን በራስዎ ነበር የሚከፍሉት። በመካኒኩ ልጅ አይደለም፤ በእትዬም አይደለም።»

ሰኞ ጠዋት ጸሐፊዋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ኮሪደሩ ላይ መካኒኩን ስታይ ቆም አለች። ከጎኑ ልጁ ቆማለች፤ ሁለቱም የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል። መካኒኩ ግን ወደ እሷ አልመጣም። የመጀመሪያውን በር አንኳኳ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን።

«ያን ቀን የሰማችሁ ሁሉ ውጡ! እባካችሁ ውጡ!»

ሰዉ ወጣ። ዘበኛው መጣ። የኮምፒውተር ባለሙያው በሩ ላይ ቆመ።

«እሳቸውን ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ» አለ መካኒኩ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ውሸት ነበር። የልጄ ቦታ የተገኘው እሳቸው የራሳቸውን ሥራ ለይተው ስለሚያውቁ ነው። ይቅር ይበሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ።»

የጸሐፊዋ እንባ ወረደ። ልጅቷን አቀፈቻት፤ እስኪወጣላትም ድረስ መረቀቻት። ከዚያ ወደ አባትየው ዞረች።

«ወንድሜ፣ በር ለበር ምን አደከመህ? ለእኔ ብቻ ብትነግረኝ ይበቃኝ ነበር።»

«አይበቃዎትም፣ እትዬ» አለ። «ስሰድብዎ ለብቻችን አልነበርንም።»